ቦታውን የጠየቀው የጥድ ሰው

መብራቱ ሄዷል፤ ዛሬ የሚመጣም አይመስለኝም። ጠጋ በሉ። ሻማዋን መሀል አድርጓት። ልሳኑ፣ አንተም ከበሩ ራቅ በል። ደጃፍ ላይ ምን ያስቀምጥሃል? ቅድም ስትገባ የምትለውን ሰምቻለሁ። የአደባባዩን ግድግዳ መሳል የሚገባህ አንተ ነበርክ፤ ለጓደኛህ ሰጡት። ብሩሽ አያያዝ ያስተማርከው ደግሞ አንተ ነህ። ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ እንደ ጉልበቴ አላረጀም። ይህን ታሪክ ያስታወስከኝም አንተ ነህ።

እስቲ ንገሩኝ፤ መንፈስ መቼ ነው የሚወጣው? በሌሊት ትላላችሁ። ያነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ በሌሊት ይላሉ። በሰው ሀገር አርባ ዓመት ኖሬ የጠየቅኳቸው ሁሉ በሌሊት አሉኝ። ሁሉም ተሳስተዋል። በሌሊት ሰው አብሮ ነው። በር ይዘጋል፣ እሳት ይነዳል፣ አንዱ ካንዱ ጎን ይተኛል። ሰው ብቻውን የሚሆነው በቀትር ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ከብቱ ጥላ ፍለጋ ይገባል፣ ወፉ ዝም ይላል፣ ሰዉ ዓይኑን ጨፍኖ ይጋደማል። መንገዱ ባዶ ይቀራል። ደግሞ በቀትር የማንም ጥላ አይታይም። የእናንተም አይታይም፣ የእኔም አይታይም። ታዲያ ጥላ የሌለው ነገር በቀትር ቢመጣባችሁ በምን ታውቁታላችሁ?

ድሮ ነው። አንድ መንደር ነበር፤ ስሙን አልነግራችሁም። ተራራው ከላይ እስከ ታች በድንጋይ እርከን የተሠራ፣ መንደሩም በድንጋይ ቅጥር የታጠረ። ከቅጥሩ በር አንድ ቀጭን መንገድ ይወርዳል፤ ወርዶ ወርዶ ከተማ ይገባል። የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በመሀሉ ቤት የለም። በመሀሉ አንድ ግራር አለች፣ ሌላ ምንም የለም። በዚያ መንገድ በቀትር የሚሄድ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው ግን ሄደ።

ኦርካይዶ ይባላል። እንጨት ጠራቢ ነበር። እንደ ዛሬ አልጋና ወንበር የሚሠራ አይደለም፤ ሙታንን የሚጠርብ ነበር። በዚያ መንደር ትልቅ ሰው ሲሞት ምስሉ በጥድ ይጠረብና መንገድ ዳር፣ ሁሉም በሚያልፍበት ይቆማል። አላፊው ያየዋል፣ ልጆቹ ያዩታል፣ የተጣላውም ሰው ያየዋል። ለሥራው ሕግ አለው። አንደኛ፣ ፊቱ የሞተ ሰው ፊት ነው፤ የሕያው ሰው ፊት አይጠረብም። ሁለተኛ፣ ዓይኑ ከነጭ አጥንት ይሠራል፣ ምስሉ በሚቆምበት ቦታ ላይ እስኪተከል ድረስ ግን አይገባለትም። ዓይኑ ከገባ በኋላ ጠራቢው ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ በስሙ ይጠራውና «ቦታህ ይህ ነው» ይለዋል። ያን ጊዜ ሟቹ ያርፋል።

የሕያው ሰው ፊት ለምን አይጠረብም? ሕያው ሰው ቦታ አለው። የእሱን ፊት ይዞ የቆመ እንጨት ደግሞ ቦታ የለውም። ቦታ ስለሌለው ይነሳና ይሄዳል፤ ፊቱን የወሰደበትን ሰው ቤት ይጠይቃል፤ ልቀቅልኝ ይላል። የጠራቢዎቹ አባቶች ልጆቻቸውን ሲያስተምሩ ይህን ይነግሯቸው ነበር። መድኃኒቱንም ይነግሯቸው ነበር። መንገድ ላይ ቢያገኝህና ቢጠይቅህ ስምህን ተናገር። እኔ እገሌ ነኝ በለው። ስሙን የተናገረ ሰው ቦታው አይወሰድበትም።

ኦርካይዶ ይህን ሁሉ ያውቃል። ያዙልኝ፤ ያውቃል።

ኦርካይዶ ገለቦ የሚባል ወንድም ነበረው። አባታቸው አንድ ነው፣ እናታቸው ሁለት። ኦርካይዶ የታላቂቱ ሚስት ልጅ፣ ገለቦ የታናሺቱ። አባታቸው የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በታናሺቱ ቤት ነበር። ያረፈውም እዚያው ነው። ሲሞት ገለቦ ገና ሥራውን ተምሮ አልጨረሰም ነበርና መሮ አያያዙን፣ እንጨት አመራረጡን ያስተማረው ኦርካይዶ ነው። አምስት ዓመት አስተማረው። በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ገለቦ አንድ ሽማግሌ ጠረበ። ሰው ሁሉ ቆሞ አየው። የሽማግሌው ሚስት መጥታ ባሏን በስሙ ጠርታ ሰላም አለችው፤ ከዚያ ደንግጣ አፏን ያዘች። የኦርካይዶን ምስሎች ማንም ሰላም ብሏቸው አያውቅም። ትክክል ነበሩ፣ ልካቸው አይዛነፍም፣ አንድ ጉድለት አታገኝባቸውም። ግን ማንም ሰላም አላላቸውም።

ኦርካይዶ ያን ዕለት ምን አለ? ምንም አላለም። በርታ አላለውም፣ ጎሽ አላለውም። ገለቦ ዓይን ዓይኑን እያየ ሲጠብቅ ኦርካይዶ የገዛ መሮውን ይስል ነበር። ከዚያም በኋላ በየሥራው ሁሉ ገለቦ ያችን አንዲት ቃል ጠበቀ። አላገኛትም።

ታዲያ ከተማው ሊያድግ ነው ተባለ። አስፋልት ገባ። መሀሉ ላይ ክብ አደባባይ ተሠራ። አደባባዩ መሀል ምን ይቁም ብለው ሰዎች ተሰበሰቡ። አንዱ የሲሚንቶ አንበሳ ይሁን አለ። አንዱ ውሃ የሚረጭ ነገር ይሁን አለ፤ ውሃ የሚመጣው ግን በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። በመጨረሻ አንድ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ተነስቶ የአገሩ ባህል ይቁም፣ ተራራ ላይ የእንጨት ሰው የሚሠሩ አሉ አለ። ተጨበጨበለት። ኮሚቴ ሆነው መጡ።

በቅጥሩ በር የቆሙትን ምስሎች ተራ በተራ አዩ። ባለክራቫቱ የገለቦ ሽማግሌ ጋ ሲደርስ ቆመ። የማን ሥራ ነው አለ። የገለቦ ነው አሉት። ጎኑ ያለውስ? የኦርካይዶ ነው አሉት። ኦርካይዶ እዚያው ቆሟል፤ ሰውዬው አያውቀውም። እንዲህ አለ፦

«ይሄኛውም ጥሩ ነው። ግን ትንሽ ያስፈራል።»

ይህችን ቃል ኦርካይዶ ይዟት ቤቱ ገባ። ይዟት ተኛ፣ ይዟት ተነሳ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠረበ ሰው ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ትንሽ ያስፈራል።

ቦርዴ መጠጫ ቤት ሲገባ ደግሞ ኩሲያ የሚባል ቀልደኛ ነበር፤ እንደ እሱ ያለ ሰው በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። ቅሉን ከፍ አድርጎ «ኦርካይዶ፣ ወንድምህ ከተማ ሊገባ ነው አሉ። ምነው አንተ? ሬሳ ጠባቂ ሆነህ ቀረህ?» አለው። ቤቱ ሳቀ። ኦርካይዶም ሳቀ። ቅናት የያዘው ሰው ከሁሉ በላይ ጮክ ብሎ ይስቃል፤ አይታችሁ አታውቁም? ልሳኑ አይቷል።

ከዚያ ገለቦ መጣ። ቤት ድረስ መጣ፤ ታላቁ ነውና ሊጠይቀው። ኦርካይዶ ግንድ ላይ ተቀምጧል፣ ሚስቱ ጉያቱ ማሽላ ትፈትጋለች። ጉያቱ ከቆላው ከከብት አርቢዎቹ ወገን የመጣች ሴት ናት፤ የምታየውን አትረሳም።

«አያ፣ አንድ ነገር ጨንቆኛል» አለ ገለቦ። «የሞተ ሰው አይሁን አሉኝ። አደባባይ ላይ ለቅሶ አንፈልግም፣ ዝም ብሎ የሚያምር ሰው ይሁን አሉ። የማንም ፊት ያልሆነ ፊት እንዴት አድርጌ ልጥረብ? የማን ፊት ይሁን?»

አሁን እዚህ ላይ ልቁም። ኦርካይዶ ምን ማለት ነበረበት? ተው፣ አይሆንም ማለት ነበረበት። ከሙታን አንዱን ምረጥ፣ ስሙን ለከተማው አትንገር፣ አንተ ብቻ እወቀው ማለት ነበረበት። ሕጉን ያውቃል። ገለቦ ግን አባቱ የሞተው እሱ ሥራውን ተምሮ ሳይጨርስ ነው፤ የሚያውቀው ከኦርካይዶ የሰማውን ብቻ ነው። ኦርካይዶ ደግሞ ያን ጊዜ በልቡ ይበላሽበት፣ መሳቂያ ይሁን ብሎ አሰበ።

«ደስ ያለህን ፊት ጥረብ» አለው። «የሕያውም ቢሆን?» አለ ገለቦ። «የሕያውም ቢሆን። ያ ሕግ የመንደር ሕግ ነው። ከተማ ምን ሕግ አለው?»

ጉያቱ ሙቀጫዋ ላይ እጇን አቆመች። ባሏን ቀና ብላ አየችው። እሱ መሮውን ይስላል።

ገለቦ አጥሩን ዘግቶ አምስት ወር ጠረበ። ማንንም አላስገባም። ኦርካይዶ በአጥሩ ጥግ ሲያልፍ የመጥረቢያውን ድምፅ ይሰማል። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ከእኔ ነው የሚደብቀው አለ። ልቡ አብጧል፣ እኔን ንቆኛል አለ። ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለው። በመጨረሻ ምስሉ በሸራ ተጠቅልሎ፣ እርከኑ ግርጌ ድረስ ሰው ተሸክሞት፣ ከዚያ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ወረደ። ዓርብ ጠዋት አደባባዩ ላይ ተተከለ። ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው፤ ቅዳሜ ሕዝቡ ባለበት ሸራው ይነሳል፣ ዓይኑ ይገባል ተባለ። ቅዳሜን ማንም ሰው ሊያስቀረው አይችልም። ምስሉ ካልተሰበረ በስተቀር።

ዓርብ ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ኦርካይዶ ተነሳ። መሮውን ጉያው ውስጥ ከተተ። ምን ሊያደርግ? ፊቱን ሊፍቅ። አፍንጫውን ሊያነሳ፣ ከንፈሩን ሊገምስ፤ ነገ ሸራው ሲገለጥ ከተማው ሁሉ እንዲስቅ። ጉያቱ በዚህ ቀትር ብቻህን የት ትሄዳለህ፣ ቢያንስ ፀሐይ ትብረድ አለችው። በሩን ሳይዘጋ ወጣ።

ወረደ። እርከኑን ወረደ፣ ሜዳውን ያዘ። ፀሐይ አናቱ ላይ ናት። ጥላው እግሩ ሥር ገብታ ጠፍታለች። መንገዱ ላይ ማንም የለም።

መጀመሪያ ድምፅ ሰማ። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ቆመ። ድምፁም ቆመ። ሄደ። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። የሰው ኮቴ ይሆን? የሰው እግር ሲረግጥ እንዲህ አይጮኽም። እንጨት ድንጋይ ሲመታ ነው እንዲህ የሚጮኸው።

ቀጥሎ ሽታ መጣ። አዲስ የተጠረበ ጥድ ይሸታል። በዚያ ሜዳ አንድ ጥድ የለም፤ ያለችው ያቺ አንዲት ግራር ናት።

ቀጥሎ ሰውዬው ታየው። ከከተማ በኩል ይመጣል። ቀስ ብሎ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ ይመጣል። ጋቢ ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ፊቱን ሸፍኗል። ጋቢ መሰለው እንጂ ኦርካይዶ አጥርቶ አላየም፤ ፀሐዩ ያንጸባርቅበታል። ግራሯ ሥር ተገናኙ። ሰውዬው ቆመ። ትንፋሹ አይሰማም።

«የኦርካይዶ ቤት በየት በኩል ነው?» አለ።

ድምፁን የት ነው የማውቀው ብሎ ኦርካይዶ አሰበ። ቶሎ አልመጣለትም። የገዛ ድምፁን ከደጅ ሆኖ ሰምቶ የሚያውቅ ማን አለ?

«ከኦርካይዶ ምን ትፈልጋለህ?» አለው።

«ቦታዬን።»

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ኦርካይዶ ነኝ ትሉ ነበር። አንዲት ቃል ናት። አባቱ አስተምሮታል። ግን ጉያው ውስጥ መሮ አለ። የወንድሙን ሥራ ሊያበላሽ የሚሄድ ሰው መንገድ ላይ ስሙን ይናገራል? ነገ ማን አለፈ ሲባል ኦርካይዶ ነው እንዲባል? ደበቀ። ስሙን ደበቀ። እጁን ወደ ተራራው ዘርግቶ «በቅጥሩ በር ግባ፣ በስተቀኝ ሦስተኛው አጥር ነው። በሩ ክፍት ነው» አለው።

በሩ ክፍት ነው። እንዲህ ብሎ አሳየው።

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና አለፈው። ቷ፣ ቷ፣ ቷ። ኦርካይዶ ዞር ብሎ አላየውም፤ ልቡ አደባባዩ ላይ ነው።

ከተማ ገባ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። የአደባባዩ ዘበኛ ግድግዳ ሥር ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኝቷል። ሸራው መሀሉ ላይ ቆሟል፤ ትከሻው ይታያል፣ ራሱ ይታያል፣ ቁመቱ የሰው ነው። ኦርካይዶ ገመዱን አላልቶ ከሸራው ሥር ገባ። መሮውን አወጣ። በግራ እጁ ፊቱን ፈለገ።

ምንም የለም።

ሸራው ቆሟል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። የሲሚንቶ መቆሚያ አለ፣ መቆሚያው ላይ ምስሉ የተተከለበት ጉድጓድ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። አንድ ሰው ቀድሞኝ ሰርቆታል ብሎ አሰበ። ያን ጊዜ ምን ተሰማው መሰላችሁ? ደስ አለው። ከሆዱ ደስ አለው። እርግጠኛ ልሁን ብሎ መቆሚያው ላይ ወጣ፣ ጉድጓዱን በእግሩ ዳሰሰ። እግሩ ገባ። ልክ ነበር። ለእሱ የተቆፈረ ይመስል ልክ ነበር።

ሊያወጣው ሲል አልወጣም። አላመመውም። ከቁርጭምጭሚቱ አንድ ቅዝቃዜ ተነስቶ እንደ ውሃ ወደ ላይ መጣ። ጉልበቱ ጋ ደረሰ፣ ወገቡ ጋ ደረሰ። ሊጮህ አፉን ሲከፍት ከንፈሩ እምቢ አለው። ከንፈሩ ገለቦ እንደጠረበው ሆኖ ቀረ፤ ትንሽ ፈገግ ብሎ።

መንደር ውስጥ ጉያቱ ኮቴ ሰማች። ባሏ ቶሎ ተመለሰ። ፊቱን ሸፍኗል። ምን ሆንክ አለችው፤ ፀሐይ ዓይኔን መታኝ አላት። የኦርካይዶ ግንድ ላይ ተቀመጠ። ብላ ስትለው አልበላም። ጥድ ይሸታል፣ ግን የጠራቢ ሚስት ጥድ ቢሸታት ምን ይገርማታል? ሌሊቱን አልተጋደመም። ጥግ ላይ ቆሞ አደረ።

ቅዳሜ ገበያው ሞላ። ስድስት ሰዓት ላይ ባለክራቫቱ ረጅም ንግግር አደረገና ሸራው ተነሳ። ሕዝቡ አንጋጦ አየው። ከዚያ አንዲት እንስራ የተሸከመች ሴት እንደምን ዋልክ አለችው፤ ያን ጊዜ ሁሉም አጨበጨበ።

ገለቦ መሰላሉን ወጣ። ፊቱን ቀረብ ብሎ ሲያየው ገረመው። ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ እንዲህ አድርጎ መጥረቡን አላስታወሰም። አምስት ወር የደከመበት የወንድሙ ፊት ነው፤ አዎ፣ የወንድሙ። ምረጥ ሲባል ሌላ ፊት አልመጣለትም። ቅዳሜ ይየኝ፣ ያን ጊዜ ጎሽ ይለኛል ብሎ ነበር የደበቀው። ቀኝ እጁ ላይ መሮ አየ። መሮ አላስያዘውም ነበር። የከተማው ሰዎች አስበውበት ነው፣ ደግ አደረጉ አለ። ነጩን አጥንት አንስቶ ቀኝ ዓይኑ ላይ አደረገና በመዶሻ መታው። ግራውንም መታው። ከሥሩ አንድ ቀይ ነገር ጉንጩ ላይ ወረደ። ጥድ በሙቀት ሙጫ ያወጣል፤ ገለቦ በጋቢው ጫፍ ጠረገው።

ባለክራቫቱ ከታች ሆኖ «አቶ ገለቦ፣ ባህላችሁ አንድ የሚባል ቃል አለው አሉ። ይበሉልን እንጂ» አለ። ሕዝቡም ይባል አለ። ገለቦ ጥቂት አመነታ። ግን አያ ራሱ ከተማ ሕግ የለውም ብሎት የለ? ጆሮው ላይ ጎንበስ አለ። ከልቡ ነው ያለው፣ ከፍቅር ነው ያለው።

«አያ ኦርካይዶ፣ ቦታህ ይህ ነው።»

በዚያች ሰዓት መንደር ውስጥ ያ ሰውዬ ከፊቱ ላይ ሽፋኑን አነሳ። ጋቢ አልነበረም፤ ከምስሉ ሸራ ጫፍ የተቀደደ ቁራጭ ነበር። ጉያቱን አያት። የሚያያት በኦርካይዶ ዓይን ነው። ሁለቱም ዓይን የኦርካይዶ ነው። «አሁን ታየሺኝ» አላት።

አመሻሽ ላይ ገለቦ እየሮጠ መጣ። አያ፣ ለምን አልመጣህም፣ አንተን ነው የጠረብኩት አለ። ሰውዬው ከግንዱ ተነሳ። ሁለቱን እጆቹን ገለቦ ትከሻ ላይ አደረገና እንዲህ አለው፦

«ጎሽ። እጅህ ከእኔ እጅ ይበልጣል።»

ገለቦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቃት ቃል ናት። ጉያቱ ግን ጓዳ ሆና ሰማች። እስከዚያች ሰዓት ተጠራጥራ ነበር። ያን ጊዜ አወቀች። ባሏ ኦርካይዶ ቢሞት እንኳ ያችን ቃል አይናገርም። በዚያው ምሽት ልብሷን ቋጥራ ወደ ቆላ ወገኖቿ ወረደች። ይህን ታሪክ ያወራችው እሷ ናት።

ያ ምስል ብዙ ዓመት አደባባዩ ላይ ቆመ። ሰው አጠገቡ ፎቶ ተነሳ፣ ሙሽራ ከበበው፣ ርግብ አረፈችበት። ውብ ነው ይሉ ነበር፤ ያስፈራል ያለ ሰው የለም። በኋላ አስፋልቱ ይስፋ ተባለና አደባባዩ ፈረሰ። ምስሉን ነቅለው፣ በሸራ ጠቅልለው የት እንደጣሉት የሚያውቅ የለም። ቦታህ ይህ ነው የተባለ ነገር ከቦታው ከተነቀለ ምን ያደርጋል? ነገርኳችሁ። ቦታ ይፈልጋል። የድሮው ቤቱ ተይዟል። እንግዲህ የሌላ ሰው ቦታ ለምን አልተሰጠኝም እያለ የሚብሰለሰል፣ የገዛ ቦታውን በሩን ከፍቶ የተወ ሰው ይፈልጋል።

ዛሬ ወደዚህ ስመጣ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከድልድዩ ማዶ አንድ ሰው አስቆመኝ። ሸራ ለብሷል። እጁ ላይ መሮ አለ። ዓይኑ ነጭ ነው። እኔ አስቀድሜ ስሜን ነገርኩት። ከዚያ ጠየቀኝ። የጠየቀኝ የኦርካይዶን ቤት አይደለም።

የአንተን ነው፣ ልሳኑ።

አላውቀውም አልኩት። ከእኔ በኋላ ግን በዚያ መንገድ ብዙ ሰው አልፏል፤ አንዱ ነግሮት ይሆናል። ነገ በቀትር ብቻህን እንዳትሄድ። አሁን ደግሞ ተነስተህ ያን በር ዝጋው።